በሰው ማሽን ላይ የእኔ ቁልፍ

ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም አንድ ቆለፍኩ።

የወ/ሮ ዘነበች ላፕቶፕ ነው። ዊንዶው ጫንኩላት፣ አቧራውን ነፋሁላት። ለስላሳ ልታመጣልኝ ወደ ማዶ ስትሻገር ሴታፕ ገብቼ ፓስወርዴን አኖርኩ። ከማማተብ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ተመልሳ መጣች፣ «እጅህ ይባረክ ወንድሜ» አለችኝ፣ ማሽኗን አቅፋ ሄደች።

አንተ ደብተር፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ ለአስካለም አልነገርኳት፤ ነፍሷን ይማርና። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩ። አንተ አፍ የለህም። በግልጽ ልጻፍልህ።

ሴታፕ የምንለው ከዊንዶው በታች ያለውን ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታዘዝለትን። እዚያ ላይ ፓስወርድ ያኖረ ሰው የማሽኑ ጌታ ነው። ባለቤቱ በየቀኑ ሲሠራበት ምንም አይታየውም። ዊንዶው የተበላሸ ዕለት ግን ሌላ ባለሙያ በፍላሽ ላስነሳው ቢል ማሽኑ እምቢ ይላል። ከእኔ በቀር ለማንም አይታዘዝም። ሰውየው ፒያሳን ዞሮ ዞሮ እኔ በር ላይ ይቆማል። እኔም ጭንቅላቴን ነቅንቄ፣ ይሄ ከባድ ነው ግን እንሞክራለን እላለሁ።

ስም ያወጣሁት በዚህ ነው። ጋሽ ታደሰ ያልከፈተውን ማንም አይከፍተውም ይባላል። እውነት ነው። አይከፍተውም።

አስካለ አንድ ቀን ጠየቀችኝ። ደንበኛህ ሁሉ ለምን ይመለሳል፣ ሌላ ቤት ሄዶ የቀረ አላይም አለች። በረከት ነው አልኳት። ተነሳች፣ ወደ ምሥራቅ ዞረች፣ ነጠላዋን አጣፍታ አመሰገነች። በቁልፌ እግዜርን አስመሰገንኳት። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይሄ ነው የሚበላኝ።

ከቁልቢ የገባሁት ትናንት ነው። የእሷንም የእኔንም ስለት አድርሼ። ታጥቤ መጣሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

ሱቁን እንደከፈትኩ መ/ር ማቲዎስ። ፊቱ ጠቁሯል።

በቡሹሎ በኩል ካለ ት/ቤት የሚያስተምር ሲዳማ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ። ስንት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀኑ ከሽማግሌ ቤት ሽማግሌ ቤት እየዞረ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ የዘር ሐረጉን በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ይቀዳል፣ ይጽፋል። ለልጆች ማንበቢያ እንዲሆን። ከቀዳቸው መካከል አፈር የገቡ አሉ። ሁሉም ያለው ዘመዱ ከውጭ በላከለት ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ገልብጦ ያስቀመጠው የለም። ላፕቶፑን ያዘጋጀሁለት እኔ። የቆለፍኩትም እኔ።

እኔ ቁልቢ እያለሁ ማሽኑ አልነሳም አለው። ቸኮለ። ከእኔ ፊት ለፊት ወዳለው ጥገና ቤት፣ ወደ ከድር ወሰደው። ከድር ፍላሽ ሰካ፤ ማሽኑ ፓስወርድ ጠየቀ። ከድር እንደ ልማዱ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነቀለ። የድሮ ማሽን ባትሪው ሲነቀል ፓስወርዱን ይረሳል፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ይሄ ግን አዲስ ነው። ፓስወርዱን አልረሳም። የረሳው ሌላውን ሁሉ ነው፤ እኔ አስተካክዬ የተውኩትን አነሳሱን፣ ከምን ጀምሮ እንዴት እንደሚነሳ። ቦርዱ ላይ ደግሞ የሃርድ ዲስኩን መክፈቻ የሚጠብቅ ቺፕ አለው። ቺፑ ነገሩ መለወጡን ሲያይ ሌባ ገባ ብሎ መክፈቻውን ከለከለ። አሁን ረጅም ቁጥር አምጡ ይላል። ቁጥሩ ማን ጋ አለ? የላከው ዘመድ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶም አያውቅም። ከድር ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ሞከረው። እዚያም ያው ቁጥር።

መ/ር ማ. እንደሚለው የቆለፈው ከድር ነው። ሊበዘብዘኝ ነው ይላል። ቀጥሎ ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«እርስዎ ዘንድ በነበረ ጊዜ እንዲህ ብሎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ።

ቃሉ ሐሰት አይደለም። እኔ ዘንድ እያለ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ዓይነት እውነት መናገር የት ተማርኩ?

መፍትሔው ጣቴ ላይ ነው። በፓስወርዴ እገባለሁ፣ አነሳሱን እንደነበረው እመልሳለሁ፤ እንዴት እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቺፑ ያውቀዋል፣ ዲስኩ ይከፈታል። እስከ ማታ ተውልኝ አልኩት። ብቻዬን ከፍቼ፣ ተሳካ ልለው። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ከእንግዲህ ከዓይኔ አላርቀውም፣ እዚሁ ፊቴ ይክፈቱት አለ።

እሱ ፊት? ማሽኑ ፓስወርድ ሲለኝ፣ ሳላመነታ ስጽፍ እያየ?

መብራት ሊሄድ ይችላል፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ ይብሳል፣ ላስብበት አልኩ። አየኝ። ረጅም አየኝ። ምን አይቶብኝ ይሆን።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

ነገሩ ፒያሳን ዞሯል። የኛ ረድፍ ሱቆች ወሬ ሲያገኙ ሥራ ይፈታሉ።

ከድር ራሱ መጣ። ስልጤ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ቀልድ ሳያስቀድም ሰላም የማይል። ዛሬም ሳቀ ግን ዓይኑ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይመስክሩልኝ። እኔ የሰው ማሽን ቆልፌ ምን ልሆን ነው? የገዛ ስልኬን ፓስወርድ የምታስታውስልኝ ሚስቴ ናት!»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጠረጴዛዬን ደገፍ ብሎ ቆየ። ዓይኑ ኪቦርዴ ላይ ነበር፣ ወይስ መሰለኝ? ለምን እኔን ይመስክሩልኝ አለ? በረድፉ ስንት ሰው አለ። ፒያሳ ላይ እምቢ ያሉትን ማሽኖች አንድ በአንድ ቢያስታውስ ሁሉም በእኔ እጅ ያለፉ ናቸው። አሰብ አድርጎ ለሚደምር ሰው ድምሩ ቀላል ነው። ከድር ደግሞ ቀልደኛ እንጂ ቂል አይደለም።

ወጥቶ ሲሄድ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ምን ማለቱ ነው?

ወደ ማታ ሀጂ ሸምሱ ገቡበት፤ የጨርቅ ነጋዴው፣ የረድፋችን ታላቅ። መ/ር ማ. ማሽኑን ለማንም አላምንም ስላለ፣ እንደ ደንቡ የተጣሉበት ዕቃ በሦስተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ አሉ። ተስማሙ። ሀጂ በፊታቸው መጋዘናቸው ካለው ብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ማዶ ሆኜ ሰማሁት።

በድብቅ ከፍቼ ልገላገል የነበረው መንገድ ተዘጋ።

ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ

ጾሙ ሳይገባ ዓሣ ልብላ ብዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጭቃ። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ዳኛ ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ።

ማንን አያለሁ! መ/ር ማ.ና ከድር። አንድ አግዳሚ ላይ። አንድ ትሪ። ከድር እሾህ እየለቀመ ወደ እሱ በኩል ይገፋለታል።

ከጀልባዎቹ ጀርባ ቆምኩ። ምን ይነጋገራሉ? የተጣላ ሰው አብሮ ዓሣ ይበላል? ጸቡ ማስመሰያ ነው? እኔን ለማውጣት ተስማምተው ቢሆንስ? ከድር አንድ ጊዜ በጣቱ በአየር ላይ እንደሚጽፍ አደረገ፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ከተማው አቅጣጫ ዘረጋ። ሱቄ በዚያ በኩል ነው። ሁሉም ሱቅ በዚያ በኩል ነው።

ሳልበላ ተመለስኩ። ባለሱቋ ጎረቤቴ እንደነገረችኝ ሀጂ ናቸው አሉ ሁለቱን፣ ሂዱ ዓሣ ብሉና ተነጋገሩ ብለው የላኳቸው። ጨውና ዓሣ ላይ ቢታረቁ ብለው። አልታረቁም። ተነስተው በየፊናቸው ሄዱ።

እኔ ግን በቆምኩበት ጀልባ ጥግ ሆኜ ሁለት ምስኪኖችን ወንጀለኛ አድርጌ ጨርሼ ነበር። የሚጠረጥር ሰው ቤት ምን እንደተቀበረ እወቁ ይባላል ወይ? ባይባልም እኔ እለዋለሁ።

ሐምሌ 27፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ዛሬ ደግሞ የኔ ተራ።

ለሱቁ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ያገለገለ ላፕቶፕ ደረሰ። የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ልጭንበት አልኩ። የሰንበት ት/ቤቱን መዝሙር፣ የአጥቢያችንን ማስታወቂያ ሁሉ የጻፍኩት በእሱ ነው፤ ያለ እሱ ፊደሉ ወደ ሳጥን ሳጥን ይለወጣል። የሚሠራው በድሮው ዊንዶው ብቻ ነው። የድሮውን ዊንዶው በፍላሽ ላስነሳ ስል ማሽኑ እምቢ አለ። ፋብሪካው ያልፈረመበትን አላስነሳም ባይ ነው። ይህን ክልከላ ላጥፋው ብዬ ሴታፕ ገባሁ። ፓስወርድ ጠየቀኝ።

የኔን ሞከርኩ። አይደለም። የሌላ ሰው ነው።

ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ መብራቴን ይበላል። ውስጡ ግን የማላውቀው ሰው ጌታ ሆኖ ተቀምጧል። ይሄን አድርግ ይሄን አታድርግ ይለኛል።

ለሻጩ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ደገምኩ። ገባ። ለስላሳ ድምፅ፦ «ለደህንነትዎ ነው አባቴ፣ አይጨነቁ። ካስቸገረዎት ይዘውት ብቅ ይበሉ፣ እኛ እንከፍተዋለን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህን ቃል የት እንደሰማሁት አሰብኩ። ከአፌ ነው። ደንበኛ ሲጠይቀኝ፣ ይሄ ምንድን ነው ጋሽ ታደሰ ሲለኝ፣ ለደህንነትህ ነው፣ ካስቸገረህ ብቅ በል እላለሁ። ቃል በቃል።

ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ። ሌላስ ምን አስቀምጦበት ይሆን? ከውስጥ ሆኖ የምጽፈውን ያያል? ከምርጫው በኋላ የቀበሌው ሰው መጥቶ እየሳቀ ሰው አንተ ጋ ምን ምን ያስጽፋል ብሎኝ ነበር። ማመልከቻና ሲቪ፣ የሰርግ ጥሪ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈገግ ብሎ የሚጠይቅ እፈራለሁ። ይሄ ማሽን ደግሞ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ቢሆንስ? የካሜራውን ዓይን በፕላስተር ሸፈንኩት። ጨርቅ ጣልኩበት። ጨርቁ ሥር እንኳ የሚያየኝ መሰለኝ።

መ/ር ማ. ሐሙስ ዕለት ያየኝ አስተያየት ገባኝ። ሰው ዕቃውን እያቀፈ፣ ዕቃው የሱ እንዳልሆነ ሲጠረጥር እንዲያ ነው የሚያየው።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ

ሰዎች ከከድር ቤት ማሽናቸውን እያነሱ ነው። ያልተጠናቀቀውን ሳይቀር። ወዴት ያመጡታል? ወደ እኔ። ዛሬ አንዲት የባንክ ሠራተኛ መጣች፤ ያ ሰውዬ ይቆልፋል አሉኝ፣ እርስዎ የእግዚአብሔር ሰው ነዎት አለችኝ።

ከድር ከማዶ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እጁን አነሳልኝ። አነሳሁለት።

ማሽኗን ጨረስኩ። ልትከፍል ቦርሳዋን ስትፈታ እጄ ራሱ ወደ ሴታፑ ሄደ። ደብተር፣ አላዘዝኩትም። ፓስወርዱን ጽፌ ጨርሼ ነው እጄን ያየሁት። መልሼ ላጠፋው እችል ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «አለቀ» አልኳት። ሰጠኋት።

ሄደች። የእግዚአብሔር ሰው ቆልፎላት።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ሀጂ ሸምሱ መጡ። ቁጭ አሉ። ሻይ አልፈለጉም። ነገሩ ደግ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እሑድ ሽምግልና ይሁን ተባለ። ሁለቱም ወገን በጋራ ሁለት ሽማግሌ መርጠዋል። አንዱ ሀጂ ናቸው። ሁለተኛው እኔ።

አልሆንም አልኩ። ሙያው የኔ ስለሆነ፣ ከድርም ተፎካካሪዬ ስለሆነ አድልዎ ይመስላል አልኩ። ጥሩ ምክንያት ነበር። ሀጂ ሳቁ፦ «የመረጠህ እኮ ከድር ነው! መምህሩም ወዲያው እሺ አለ። ሁለት ጠበኛ በአንድ ሰው ሲስማማ አይተህ ታውቃለህ? እንቢ ካልክማ እኛም ልንጠረጥርህ ነው» አሉ።

ቀልድ ነው። ቀልድ ይመስለኛል። ለምን እንዲያ አሉ?

የሚደረገው እንዲህ ነው። ከድር አልቆለፍኩም ብሎ ቁርዓን ይዞ ይምላል፣ ወይም ያጠፋሁ እኔ ነኝ ብሎ ይክሳል። ካልማለ ረድፉ ሥራ አይልክለትም፤ ሱቁን ለቅቆ ይሄዳል። ከማለም ግማሹ ሰው በሐሰት ማለ ማለቱ አይቀርም። ሁለቱም መንገድ ስሙን ይበላዋል። ፈራጁ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 30፣ ሐሙስ

ሥራ የለም። ማለቴ ሥራ አለ፣ እጄ አይሠራም።

የከድር ሚስት ሙና የልጆቿን እጅ ይዛ በደጄ አለፈች። ቆም አለች። እሑድ እርስዎ ስላሉበት አልፈራሁም፣ እሱ ግን እንቅልፍ የለውም አለች። ትንሹ ልጇ የሱቄን ደጃፍ ደረጃ እየዘለለ ይወርዳል። ስማቸውን ጠየቅኳት። ለምን ጠየቅኩ? ለመሐላው ቀን ላስታውሳቸው?

ምናልባት እሷን የላካት እሱ ይሆናል አልኩ በልቤ። እንዲያሳዝነኝ። እንዲህ ነው የሆንኩት፤ ሴት ከልጆቿ ጋር ሰላም ስትለኝ ወጥመድ እፈልጋለሁ።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። ቤ/ክ ጠጠር መጣያ የለውም፤ ሞልቷል።

ወደ ነፍስ አባቴ ቀረብኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። እፊታቸው ስደርስ ሴታፕን፣ ቺፕን ለእኚህ ሽማግሌ በምን ቋንቋ ላስረዳ ብዬ ራሴን አታለልኩ። የሰው ቤት ቁልፍ ሠርቼ በኪሴ ይዣለሁ ማለት በቂ ነበር። ሕፃን ይገባዋል። እኔ ግን በሥራዬ ሰው አታልያለሁ ብቻ አልኩ። ማንን፣ እንዴት አላሉኝም። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ስግደት ሰጡኝ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉኝ።

ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ፒያሳ ስደርስ የከድርን ሱቅ አየሁ። አንድ ሰው ማሽኑን አንስቶ ሲወጣ፣ ከድር በሩን ይዞለት፣ በሰላም ግባ እያለው።

በርካሽ ተለቀቅኩ። ስግደቱን እሰግዳለሁ፤ ግን ይቅርታው የእውነት መሆኑን እጠረጥራለሁ። በግማሽ የነገሩት ኃጢአት በግማሽ ይሰረያል? ወይስ ጭራሽ?

ነሐሴ 2፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

መ/ር ማ. ሱቅ መጣ። እሑድን እስክንደርስ አላስቻለኝም አለ። አልተቀመጠም።

ከቀዳቸው አንዱ የገዛ አጎቱ እንደነበሩ ነገረኝ። የሞቱት ከፋሲካ በኋላ ነው። የጎሳውን ነገር እሳቸው እንደሚያውቁት የሚያውቅ ሌላ የለም፤ ቀድቼ ጨርሻለሁ፣ አሁን ቢሞቱም አይጠፋም ብዬ አልቅሼ እንኳ በወጉ አላለቀስኩም አለ። 

ቀጥሎ እንዲህ አለ፤ ከድር ከማለ እቀበላለሁ። ሙስሊም ነው፣ ይፈራል። ግን ጋሽ ታደሰ፣ እሱ ካልቆለፈው ማነው የቆለፈው?

ጥያቄውን እንደ ጥያቄ አልተወውም። ቆሞ መልስ ጠበቀ። የተበላሸ ማውስ አንስቼ ሆዱን መፍታት ጀመርኩ። ፋብሪካው ይሆናል አልኩ። አንዳንድ ጊዜ ከፋብሪካው ይመጣል።

«እንዲያ ነው» አለ። መሄጃውን ግን ትንሽ ቆይቶ ነው ያገኘው።

ያውቃል። አያውቅም። ቢያውቅ ፈራጅ አድርጎ ይመርጠኝ ነበር? ወይስ ስላወቀ ነው የመረጠኝ፣ እስከ የት እንደምሄድ ሊያይ? ማውሱን ፈትቼ መልሼ ልገጥመው አቃተኝ። እኔ፣ ጋሽ ታደሰ።

አንተ ደብተር፣ ነገ ሁለት ነገር ማድረግ እችላለሁ። አንደኛው ከድርን ማስማል ነው። የሚምለው እውነት ነው፤ ምን ይሆናል ብሎ ልቤ ይከራከረኛል። የሚሆነውማ፣ ንጹሕ ሰው ስለ እኔ ኃጢአት ቁርዓን ይነካል፤ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እመለከታለሁ። ሁለተኛውን መጻፍ አልቻልኩም።

ነሐሴ 3፣ እሑድ፣ ወደ ማታ



ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድኩ። የሀጂ መጋዘን። በጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል ለሽማግሌ ሁለት ወንበር፣ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ። ላፕቶፑ መሃል ላይ፣ ካርቶን ላይ። ከድር ነጭ ለብሶ፣ ተጣጥቦ መጥቷል። አይቀልድም። ቀልድ የሌለበት ከድር ሌላ ሰው ነው፤ አረጀብኝ። መ/ር ማ. ጫፍ ላይ፣ እጁን ጉልበቱ መሃል አድርጎ።

ሀጂ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ እንደ ደንቡ ወደ እኔ ዞሩና፣ አንተ ደግሞ በእምነትህ መርቅ አሉ። ተነሳሁ። እጄን ዘረጋሁ። ሁሉም መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። በሽምግልና ላይ ሁልጊዜ የምለውን ሳላስበው ጀመርኩ።

«የተሰወረውን ይግለጥልን።»

ከድር ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን አለ።

ሁለተኛው ቃል አልመጣልኝም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሀጂ፣ ቀጥል እንጂ ታደሰ አሉኝ። ወንበሬን ትቼ ሄድኩና አግዳሚው ላይ፣ ከድር አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እንዴ! ወንበሩ ቆረቆረህ?» አሉ ሀጂ።

ባለጉዳዩ እኔ ነኝ አልኩ። የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን ብቻ አይደለም፣ ሌሎችም አሉ አልኩ። ለምን እንዳደረግሁት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ መ/ር ማ. ማሽኑን ይዞ የመጣ ዕለት ሲጠይቀኝ ምን እንደመለስኩ፣ ሁሉንም። ሴታፕን ማስረዳት አላስፈለገኝም። የሰው ቤት ቁልፍ በኪሴ ይዣለሁ አልኩ፤ ሁሉም ገባቸው።

ሀጂ መጀመሪያ፣ ጾም ነው ታደሰ አትቀልድ አሉ። ፊቴን ሲያዩ ተዉት። መቁጠሪያቸውን አወጡ፣ መልሰው ከተቱ።

ከድር ወደ እኔ ዞረ።

«ወላሂ ጋሼ... እኔ እኮ ማሽን ሁሉ እምቢ ሲለኝ እጄ ተተብትቧል ብዬ፣ እናቴ ዱዓ እንድታስደርግልኝ ወራቤ ድረስ ሄጃለሁ!»

ሳቅ የሚመጣ መሰለኝ። አልመጣም። ከድር ጭንቅላቱን ደፋ። ትከሻው ይንቀሳቀሳል። የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ለማየት አልደፈርኩም። አንድ ማሽን በከለከልኩት ቁጥር ያ ሰው ማዶ ተቀምጦ የገዛ እጁን ሲጠረጥር ነበር። እኔ ይህን አልቆጠርኩትም ነበር። ደንበኛ የወሰድኩበት ነበር የሚመስለኝ።

ሀጂ እንግዲህ ሽማግሌ ብቻዬን ቀረሁ አሉ። ፍርዳቸው አጭር ነው። ጋሽ ታደሰ የቆለፈውን ሁሉ በየቤቱ ሄዶ ይከፍታል፣ ከድር አብሮት ይሄዳል፣ ቆላፊው ማን እንደነበረ በየቤቱ የሚናገረው ታደሰ ራሱ ነው። ከድር ካሳ አልጠየቀም። ከእንግዲህ ሱቁ መጥቼ እንዳልቀመጥ እንጂ ሌላ አልፈልግም አለ። ሁለተኛ ጋሼ አላለኝም።

ከዚያ ማሽኑ። መ/ር ማ. ራሱ ከካርቶኑ ላይ አንስቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው፤ ጎኔ ተቀመጠ። ፓስወርዴን ሳልደብቅ ጻፍኩ። አነሳሱን እንደነበረው መለስኩ። አስነሳሁት። ጥቁር ሆኖ ቆየ። በጣም ቆየ። ይሄን ሁሉ ተናግሬ፣ ባይከፈት? ከዚያ መብራቱ ብልጭ አለ። ቁጥር አልጠየቀም። ተከፈተ።

መ/ር ማ. ከእጄ ወሰደው። ፈለገ፣ አንዱን ነካ። የሽማግሌ ሳል መጣ፣ ቀጥሎ ድምፅ። በሲዳሙ አፎ፣ ቀስ ብሎ። ሁሉንም አልሰማሁትም፤ ጥቂት ቃል ነው የማውቀው። የመ/ር ማ. ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ብዙም አላስኬደውም፣ ዘጋው። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

አላመሰገነኝም። አልሰደበኝም። ይህን የኔን ፓስወርድ አጥፍቼ ባዶውን ልስጥህ አልኩት። የለም አለ፤ ቁልፉስ ይኑረው፣ ግን የራሴ ይሁን። የት እንደሚጻፍ ያሳዩኝ። አሳየሁት። የኔን አጠፋሁ፣ አዲስ የሚገባበትን ሣጥን ከፈትኩለት። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ቆመ። ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ ፊትዎን ያዙሩ» አለ።

አንተ አላለኝም። እርስዎ እንዳለኝ ነው። ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ተነስቼ ፊቴን ወደ ጣቃዎቹ አዞርኩ። ከኋላዬ ቁልፎቹ መንኳኳት ጀመሩ። በዚህ ሥራ የቆየ ጆሮ ሳያየው ይቆጥራል፤ ስንት ፊደል እንደሆነ፣ የትኛው ሁለት ጊዜ እንደተመታ። ጆሮዬ መቁጠር ጀመረ። አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ሀጂም ከድርም ሰሙኝ። አድርሼ ስጨርስ ከኋላዬ ጸጥ ብሏል።

ስንት ፊደል እንደሆነ አላውቅም።